ሰባተኛው ፊርማ

ልብስ ሰፊዋ የዚያን ዕለት ጠዋት ግራ እጇ ላይ አራት ነገር ጻፈች። አውራ ጣቷ ሥር «ሐምራዊ ክር»፣ ዝቅ ብሎ «የነርሷ ቀሚስ፣ ክንዱ ይጥበብ»፣ እጇ ጀርባ ላይ በትልቁ «ስብሰባ 9 ሰዓት»። ከሁሉ በላይ፣ የእጇ አንጓ አጠገብ፣ አንድም ቀን ሳታጓድል የምትጽፈውን ጻፈች፤ «ድንቢጥ»።

ድንቢጥ የሰባት ዓመት ልጇ ናት። ስትወለድ እፍኝ የማትሞላ ስለነበረች አዋላጇ «ይቺማ ድንቢጥ ናት» ብላ ቀለደች፤ ቀልዱ ስም ሆኖ ቀረ።

እናት የልጇን ስም እንዳትረሳ እጇ ላይ ትጽፋለች እንዴ? ይህን የሚጠይቁት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰብሰብ ብለው የሚቆሙት ወላጆች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ልጆች የሚማሩበት ነው። ድንቢጥ የገባችው በመግቢያ ፈተናው አንደኛ ወጥታ፣ በነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ሌሎቹ ልጆች ከመኪና ሲወርዱ እሷ ከእናቷ ጋር በእግሯ ከተፍ ትላለች፤ እናትየዋም የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተለጠፈ፣ እጇ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንደተዥጎረጎረ። ስም ለማውጣት ጊዜ አልፈጀባቸውም፤ «ሰሌዳዋ» አሏት። «ሰሌዳዋ ዛሬ ምን ተጽፎባታል?» ይባባላሉ፤ እንድትሰማ ከፍ፣ መልስ እንዳትሰጥ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ። እሷም ግራ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ማለፍ ለመደች።

እጇን ከኪሷ ያስወጣት የጥርስ ሐኪሙ ነው።

ሐኪሙ ሚስቱ ሞታበት ልጁን ከታላቅ እህቱ ጋር የሚያሳድግ፣ ዝምተኛ፣ ቁመተ ለግላጋ ሰው ነበር። የእሱም ልጅ ሴት ናት፤ ከድንቢጥ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ቁልፉ የወደቀበትን ነጭ ጋውን ይዞ ወደ ሰፊዋ የሥራ ክፍል ደረጃውን ወጣ። በሳምንቱ ሌላ ቁልፍ ወድቆበት መጣ። በሦስተኛው ጊዜ ሰፊዋ ክሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። አርጅቶ የሚወድቅ ቁልፍ የተንጨባረረ ክር ይተዋል፤ የዚህኛው ክር ግን ጫፉ ልክክ ያለ፣ በስለት የተቆረጠ ነበር።

«ዶክተር፣ ይሄ ቁልፍ አልወደቀም» አለችው። «ሰው ነው የቆረጠው።»

ሐኪሙ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ጥፋት ላይ እንደተያዘ ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ ራሱ በሥራ ምላጩ እንደቆረጠው፣ ደረጃውን ለመውጣት ሌላ ሰበብ እንዳጣ ተናዘዘላት። ሰፊዋ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ ጋውኑ ፖስታ ሆነ። እሱ ኪሱ ውስጥ ወረቀት አጣጥፎ ይልካል፤ እሷም በልብስ ንድፍ ወረቀት ቁራጭ ላይ ትመልሳለች። «ዛሬ እጅሽ ላይ ምን ተጽፏል?» ይላታል። «ብዙ ነገር። ያንተ ስም ግን የለበትም፤ እሱን ለማስታወስ እስክሪብቶ አያስፈልገኝም» ትለዋለች። የሐኪም ጽሑፍ ለመድኃኒት ሻጭ ካልሆነ አይነበብም ብለው ሰዎች ይቀልዳሉ፤ እሱ ግን ለእሷ ሲጽፍ እያንዳንዷን ፊደል እየለቀመ ነበር። የመጨረሻዋን ፊደል እግር ብቻ እንደ ጅራት ወደ ታች ይጎትታታል። ሰፊዋ ያቺን ጅራት ከሺህ ጽሑፍ መሃል ትለያታለች።

ስምንት ወር እንዲህ ሆነ፤ ማንም አላወቀም። እንዳይታወቅ የፈለገው እሱ ነው። ታላቅ እህቱ፣ እሱ «እትዬ» የሚላት፣ ወላጆቻቸው ሲሞቱ ከአፏ ነጥቃ ያስተማረችው፣ ኋላም እናት የሞተችባትን ልጁን ተቀብላ ያሳደገችለት ሴት ናት። የወላጆች ኮሚቴ ጸሐፊም እሷው ነች። እትዬ ፊት ሐኪሙ እስከ ዛሬ ቁምጣ ሱሪ እንደለበሰ ነው። «ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ፤ ትንሽ ታገሺኝ» ይል ነበር። ሰፊዋ ታገሠች፤ መርፌ ይዞ የሚውል ሰው ትዕግሥት አያንሰውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ልጆች ወለሉ ላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአሻንጉሊት ልብስ ሲሠሩ፣ ሐኪሙ ግራ እጇን ያዘና አውራ ጣቱን «ድንቢጥ» የሚለው ጽሑፍ ላይ አሳረፈ። ሌሎቹ ይለዋወጣሉ፣ ይቺ ለምን በየቀኑ ትጻፋለች ብሎ ጠየቃት። ሰፊዋ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው።

ባሏ «መጣሁ» ብሎ ወጥቶ በዚያው በቀረ በሦስተኛው ሳምንት ነበር። እህል ከአፏ፣ እንቅልፍ ከዓይኗ ርቆ ከረመ። የአራት ዓመቷን ድንቢጥን ይዛ ገበር ልትገዛ ጨርቅ መሸጫ ሄደች። ጨርቁን ገዛች፤ ጥቅሉን ታቅፋ ታክሲ ተሳፈረች፤ ቤቷ ገባች። ጥቅሉን አልጋ ላይ አስተኝታ ልታለብሰው ብርድ ልብሱን ስታነሣ ነው የታቀፈችው ጨርቅ መሆኑን ያየችው። እንዴት ተመልሳ መደብሩ እንደደረሰች አታውቀውም። ልጅቷ በሁለት ጣቃ መሃል ተሸጉጣ ተኝታ አገኘቻት፤ ባለመደብሩ መኖሯንም ልብ አላለም። በማግስቱ ጠዋት ሰፊዋ እስክሪብቶ አንሥታ የመጀመሪያዋን ቃል እጇ ላይ ጻፈች።

«ይህን ለእናቴም አልነገርኳትም» አለችው።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን ሳመው። ሰማያዊው ቀለም ከንፈሩ ላይ ስለቀረ በገበር ቁራጭ ጠረገችለት፤ እየጠረገችለትም፣ ይህን ያህል የምታምነው ሰው በማግኘቷ ሆዷ ባባ።

*

ስብሰባው የተጠራው የጉብኝት ጉዳይ ነው ተብሎ ነበር። የድንቢጥ ክፍል ተማሪዎች የአትክልት ቦታ ሊጎበኙ ነውና ልጆቹን ይዘው የሚሄዱ አራት ወላጆች ይፈለጋሉ ተባለ። ሰፊዋ ፈቃደኛ መሆኗን በወረቀት አሳውቃለች። ወላጆች መሃል ስትጠራ የመጀመሪያዋ ስለነበር ለሰው ካልሆነ ለራሷ ሰፍታ የማታውቀው ሴት፣ ሦስት ቀን ተቀምጣ ለራሷ ግራጫ ቀሚስ ሰፋች። ሐኪሙም በዋዜማው ባመጣው ጋውን ኪስ ውስጥ «እዚያ እኖራለሁ» የምትል ወረቀት ልኮላታል። እሷም ቃል ኪዳን አድርጋ አነበበቻት።

አንድ ነገር ግን ልቧን ከብዶታል። ከሁለት ሳምንት በፊት ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በስድስት ሰዓት እንደሚለቅ ተነግሮ «6» ብላ እጇ ላይ ጽፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትተኩስ ዋለች፤ የካውያው እንፋሎት ቀለሙን አቅልጦ ስድስቷን ስምንት አስመሰላት። ነገሩ ትዝ ብሏት እየሮጠች ስትደርስ አርባ ደቂቃ አልፏል። ድንቢጥ በረኛው አጠገብ ተቀምጣ ቁጥር እያስቆጠረችው ነበር፤ ምንም አልሆነችም። ይህን ያዩ ሁለት እናቶች ግን መኪናቸው ውስጥ ሆነው ተያይተዋል።

ስብሰባው ልጆቹ በሚማሩበት ክፍል ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ መስኮቱ ሥር ነው። ሰፊዋ ስትገባ ዓይኑን ፈለገች፤ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ሰው መሃል ስለሆነ ነው ብላ አለፈችው።

ርዕሰ መምህሩ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚቀር ሽማግሌ፣ ከጉብኝቱ በፊት ከወላጆች የቀረበ አንድ ደብዳቤ አለ ብለው ለኮሚቴዋ ጸሐፊ ሰጧት። እትዬ ተነሥታ ልብሷን አስተካከለችና ማንበብ ጀመረች።

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው ወላጆች፣ አንዲት የተማሪ እናት የዕለት ጉዳይዋን እጇ ላይ ካልጻፈች በስተቀር የማታስታውስ በመሆኗ፣ በቅርቡም ልጇን በር ላይ ትታ በመዘግየቷ እጅግ አሳስቦናል።» እዚህ ላይ ሰፊዋ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ ቢሆንም ቻለችው። «ከዚህ ቀደምም ልጇ የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች ጨርቅ መሸጫ መደብር ውስጥ ረስታት፣ የገዛችውን ጨርቅ ታቅፋ ቤቷ የገባች መሆኗን ከታመነ ምንጭ አረጋግጠናል።»

ሰፊዋ የቀረውን የሰማችው ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነው። ልጆቻችንን ይዛ እንዳትወጣ፤ ልጆቻችን ሥራ ቦታዋ እንዳይሄዱ፤ የልጅቷ የነፃ ትምህርት ዕድል ዳግመኛ ይታይልን። ጆሮዋ ግን «ጨርቅ ታቅፋ» የሚለው ላይ ቆሞ ቀርቷል። ይህን በዓለም ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ እሷ ነች።

ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሐኪሙ የጫማውን አፍንጫ ያያል።

ርዕሰ መምህሩ በአክብሮት፣ መልስ የመስጠት ግዴታ እንደሌለባት ነገሯትና የተባለው እውነት እንደሆነ ጠየቋት። ሰፊዋ ተነሣች። ግራ እጇን ከኪሷ አውጥታ ሁሉም እንዲያየው ዴስኩ ላይ አኖረችው።

«እውነት ነው» አለች። «ያን ቀን ረስቻታለሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟን ሳልጽፍ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ሌላው ማፈሪያ ከሆነ ልፈር፤ ይሄ ግን አያሳፍረኝም።»

ከኋላ አንድ ጎርናና ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰፊዋ አይታው የማታውቀው የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ልጁን ያስገባው በዚያው ወር ነው።

«እኔ ሚስቴን ነዳጅ ማደያ ረስቻት ሄጃለሁ» አለ። «ሠላሳ ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ነው ‹ዛሬ ምነው ዝም አልሽ› ብዬ የዞርኩት።» ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «የእኔን ጉድ አደባባይ አውጥቶ ያነበበብኝ የለም። እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ልጁ ላይ አንድም ቀን ያልተሳሳተ ካለ ይነሣና ይፈርም።»

የተነሣ የለም። ርዕሰ መምህሩ ሌላ የሚናገር ካለ ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ሰፊዋ ወደ መስኮቱ አየች። የማያውቃት ሰው እንዲህ ካለላት የሚያውቃት ምን ሊል ነው? ረጅም ንግግር አልጠበቀችም፤ «አውቃታለሁ» ቢል ይበቃታል። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። እሱ ግን አንዱን እግሩን በሌላው ላይ አነባብሮ መልሶ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን ራሷ እንድታየው ሰጧት። ከግርጌው ሰባት ስምና ፊርማ አለ። ስድስቱን በዓይኗ ዘለለቻቸው። ሰባተኛው ላይ እያንዳንዷ ፊደል ተለቅማ ተጽፋለች፤ የመጨረሻዋ ፊደል እግር እንደ ጅራት ወደ ታች ተጎትታለች።

ወረቀቱን በክብር መለሰችላቸው። አመሰገነች። እስከ በሩ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች፤ ኮሪደሩ ላይ ግን የልጆቹ ቦርሳ የሚሰቀልበትን መስቀያ ይዛ ቆመች። በሩ እንዲከፈት፣ አንድ ሰው ተከትሏት እንዲወጣ ጥቂት ጠበቀች። በሩ አልተከፈተም፤ መጠበቋ ራሱ አንገበገባት።

*

በማግስቱ በምሳ ሰዓት መጣ። ጋውን አልያዘም። ሰፊዋ የነርሷን ቀሚስ ክንድ እየተረተረች ነበር፤ ቀና ብላ አይታው ሥራዋን ቀጠለች። እሱ ቆሞ ቀረ፤ ተቀመጥ አላለችውም። ሌሊቱን እንዳልተኛ፣ ምግብ እንዳልቀመሰ ነገራት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለች በመጨረሻ። «ለእህትህ ማን ነገራት?»

«እኔ ነኝ።» አልዋሸም። «ስለ እጅሽ ስትሳለቅ መስማት አቃተኝ። ምክንያቱን ብታውቅ ታዝንልሻለች ብዬ ነው።»

«አዘነችልኝ?»

ሐኪሙ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ፊርማውስ?»

«ወረቀቱን ቁርስ ላይ አቀረበችልኝ። አልፈርምም አልኳት። ‹ለምን? ምንህ ናት?› አለችኝ።» እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ፈራሁ።»

ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች።

«ምንህ እንደሆንኩ ላለመናገር ፈረምክብኝ» አለች፤ ለራሷ የምታስረዳ እንጂ የምትወቅስ አትመስልም ነበር። «እኔ የምቃጠለው በእህትህ አይደለም። እሷ አታውቀኝም። የበሩ እናቶችም አያውቁኝም። ድንቢጥ የምትማርበትን ወንበር እንዲነጥቋት እጁን የጨመረው ግን፣ ይህን እጄን የሳመ ሰው ነው።»

ሐኪሙ የመቁረጫ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ፊርማውን እንደሚያነሣ፣ ያንኑ ዕለት ለእትዬ ሁሉን እንደሚነግራት፣ ከቤት ብታባርረውም ግድ እንደሌለው ተናገረ። ከዚያ፣ ሰፊዋ ስምንት ወር ሙሉ የጠበቀችውን ቃል አወጣው።

«አግቢኝ።»

ሰፊዋ ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰምታዋለች። ስፌት እየሰፋች፣ ደረጃ እየወጣች፣ ድንቢጥን ስታጥብ። ሁልጊዜም መልሷ ከጥያቄው ይቀድም ነበር። አሁን መጣ፤ መልሱ ግን ከውስጧ አልወጣ አለ።

«ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ብትለው ሙሉ ልብስ ነበር» አለች። «ዛሬ እራፊ ነው። ቀዳዳ ልትሸፍንበት ነው ያመጣኸው።»

«ይቅር አትይኝም?»

«ይቅርታው አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። እኔ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ደብዳቤያችሁ ላይ አለ። ይሄን ግን ብረሳው ደስ ባለኝ።»

ሐኪሙ እጁን ዘረጋ። ሰፊዋ የነርሷን ቀሚስ አንሥታ በመካከላቸው ያዘችው።

«የሚሰፋ ልብስ ካለዎት ዶክተር፣ መንገዱን ተሻግሮ ጥሩ ሰፊ አለ።»

«ካለዎት» አለችው። ሐኪሙ በዝግታ ደረጃውን ወረደ። እሷም የእግሩን ድምፅ እስከ መጨረሻዋ ደረጃ ድረስ ላለመስማት ማሽኑን ረገጠች፤ ጨርቅ ሳይገባበት፣ መርፌው ባዶውን ብረት እየወጋ።

*

በሳምንቱ ከርዕሰ መምህሩ አጭር ደብዳቤ መጣ። የልጅቷ የትምህርት ዕድል አይነካም፤ ጉብኝቱም ላይ ወላጅዋ እንደማንኛውም ወላጅ መሄድ ትችላለች። ከሹፌሩ ንግግር በኋላ አራት ወላጆች ፊርማቸውን አንሥተዋል። አምስተኛው ሐኪሙ ነው፤ ለእትዬም ሁሉን ነግሯታል አሉ። ወሬውን ያመጣችው ነርሷ፣ ነገሩን ሳታውቅ፣ ጎረቤት እንደሚያወራ ነበር ያወራችላት። ሰፊዋ «እንዲያ ነው?» ብላ ክንዱን ለካችላት። ደስታም ንዴትም ፈልጋ አጣች፤ የሄደ አውቶቡስ ትኬት እንደተሰጠው ሰው ሆነች።

ጉብኝቱ ላይ ሄደች። ስምንት ልጆች ተረከበች፤ ስምንቱንም መለሰች።

ቅዳሜ ድንቢጥ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ተለጠፈች። ጓደኛዋ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ልማዷ ነው። ትመጣለች ወይ ብላ ስትጠይቃት ሰፊዋ አላውቅም አለቻት። ከመጣች ግቢ ልበላት ወይ ስትላት ግን፣ ልጅ ከልጅ የሚጣላበት ምክንያት እንደሌለ፣ በሩ ለእሷ ሁልጊዜ ክፍት እንደሆነ ነገረቻት።

ልጅቷ መጣች። ማን እስከ ታች እንዳደረሳት ሰፊዋ አልጠየቀችም፤ ወደ መስኮቱም አልተጠጋችም። ልጅቷ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበርና ቀዳዳውን ልታሳያት ሮጣ መጥታ ከፊቷ ቆመች።

«አባዬ ነው የነቀለልኝ፤ ምንም አላመመኝም» አለች። ቀጥላም፣ ልጅ የሆዱን አይደብቅምና፣ «አባዬ ግን አሞታል። ማታ ማታ አያወራም» አለቻት።

ከዚያ ፈገግ አለች። በቀኝ በኩል ብቻ ትንሽ ከፍ የሚል፣ ለመሳቅ ፈቃድ የሚጠይቅ የሚመስል ፈገግታ። የአባቷ ነው፤ ፊቱ ላይ ሲመጣ ሰፊዋ ስንት ጊዜ መርፌዋን የሳተችበት።

ሰፊዋ የልጅቷን ጉንጭ ነካች። ጎበዝ አለቻት። ሁለቱንም ወለሉ ላይ አስቀምጣ የቁርጥራጭ ከረጢቱን ሰጠቻቸውና፣ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ ጀርባ ገባች። ያልተሰፋ ጨርቅ በሁለት እጇ ጨምድዳ አፏ ላይ ያዘች። ስብሰባው ላይ ያላለቀሰችውን፣ በማግስቱም ያላለቀሰችውን፣ አሁን ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ያለ ድምፅ አለቀሰችው። ከመጋረጃው ወዲያ ልጆቹ የአሻንጉሊት ቀሚስ ቀለም ላይ ይከራከራሉ።

«እማዬ፣ ቀዩን ነው ወይስ ሰማያዊውን?» አለች ድንቢጥ።

«መጣሁ» አለች ሰፊዋ። ድምፅዋ የእሷ አልመስል አላት። ያቺ ፈገግታ መጋረጃው ማዶ እየጠበቀቻት መሆኑን ታውቃለች፤ እንደምትጠላት ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ አልሆነላትም።